የባለ ነጭ ሻሿ ስም

እ.ኤ.አ. በ1800 በፓሪስ በተከፈተው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ፣ ማሪ ጊየሚን ብኑዋ የተባለች ሠዓሊት አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል አቀረበች። ነጭ ሻሽ የጠመጠመች ጥቁር ሴት፣ ሰማያዊ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተመልካቹን በእርጋታ ታያለች። በሸራው ላይ የሠዓሊቷ ፊርማ ሰፍሯል፤ የሥዕሉ መጠሪያ ግን «የአንዲት ኔግሮ ሴት ምስል» የሚል ብቻ ነበር። ተሣይዋ መልክ ተሰጥቷት ስም ተነፈገች።

ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን በ1794 ሽራ በ1802 መልሳ አጸናች። ሥዕሉ የተወለደው በዚህ መካከል ነው። በ1818 ለሉቭር ቤተ መዘክር ተገዛ፤ ስለ ቀለሙ ውበትና ስለ ነጻነት ትርጉሙም ብዙ ተጻፈበት።

የሠዓሊቷን ቤተሰብ ታሪክ የመረመሩ ባለሙያዎች ግን ሴትየዋ ማድሌን እንደምትባል፣ ከጓድሉፕ ደሴት እንደ መጣችና በሠዓሊቷ ባል ወንድም ቤት አገልጋይ እንደ ነበረች ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የኦርሴ ቤተ መዘክር ስለ ጥቁር ሞዴሎች ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ሥዕሉ «የማድሌን ምስል» ተብሎ ተሰቀለ።

በሸራው ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ አልተጨመረችም። ሆኖም ተመልካቹ ከፊቱ የሚያየው የአንድ ዘር ምሳሌ መሆኑ ቀርቶ ማድሌን ሆናለች። ሠዓሊ ሁሉ ከፊርማው አጠገብ የተሣዩን ስም ይጻፍ፤ ቀለም መልክን ያቆያል እንጂ ስምን አይናገርም።