መብራት ሲሄድ፣ ከሐረጎ ቁልቁል

አመሻሽ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የምትወጡ ከሆነ፣ ሐረጎ ላይ ስትደርሱ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና ወደ ኋላ ዞር ብላችሁ በመስኮት ተመልከቱ። ኮምቦልቻ ከታች ተዘርግታ ታገኟታላችሁ። መብራት ካለ ከዳር እስከ ዳር ታበራለች። ከሌለ ግን ጄኔሬተር ያላቸው ብቻ እዚህም እዚያም ተራርቀው ይታያሉ፤ የቀረው ጨለማ ነው። ግማሹ በርቶ ግማሹ የጠፋበት ምሽትም አለ። አንድ ጊዜ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አውጥታ፣ «እማዬ፣ እናንተ ጋ ጠፍቷል አይደል? ከዚህ ይታየኛል፤ ሻማው መሳቢያ ውስጥ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ።

እኔ ይህን መንገድ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እመላለስበታለሁ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ማርኬቲንግ ክፍል ስለምሠራ ቀኔ የሚያልፈው በላፕቶፕና በቴሌግራም ነው። «ሁሌም ከጎናችሁ ነን» የሚል ማስታወቂያ እየጻፍኩ መብራት ሄዶብኝ ያውቃል። ማስታወቂያው የወጣው በማግስቱ ነው።

ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ በኩል ስትመጡ መጀመሪያ የምታገኙት ኮምቦልቻን ነው፤ ፋብሪካዎቹ፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ሁለቱም ከተሞች የሚገለገሉበት አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነው። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ትቀራለች። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ጦሳ ተራራን ተጠግታ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ስለሚባል፣ በሁለቱ መካከል ከፍታው ብቻ የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያመጣል። ጠዋት ጃኬት ለብሰን ወጥተን ኮምቦልቻ ስንደርስ በእጃችን የምንይዘው ለዚህ ነው።

መብራት ሲሄድም ሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ችግር አይገጥማቸውም። ደሴ ላይ የሚቀዘቅዘው ሰው ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚሞቀው ፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ደግሞ በእኛ ቤተሰብ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም። ኮምቦልቻ የምትኖረው አክስቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች።

ኢንሱሊን ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው። የተከፈተው ብልቃጥ ብዙ ሙቀት ካላገኘው ውጭ ሆኖ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። አክስቴ ይህንን ከማናችንም በላይ ታውቃለች። የተከፈተውን የምታኖርበት ዘዴም አላት፦ ትልቅ ሸክላ፣ በውስጡ ትንሽ ሸክላ፣ በመካከላቸው ውኃ የጠጣ አሸዋ፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። መሐመድ ባህ አባ የሚባል ናይጄሪያዊ መምህር ይህንኑ ዘዴ ለአትክልት ማቆያ አስፋፍቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት አግኝቶበታል። ስነግራት፣ «እኛ ውኃ ስናቀዘቅዝበት የኖርነውን?» ብላ ሳቀች። ዘዴው የሚሠራው አየሩ ሲደርቅ ነው፤ ክረምት ላይ ያን ያህል አያግዝም። ያልተከፈተውን መድኃኒት ደግሞ በየትኛውም ወቅት ሸክላ አይችለውም።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የእነ አክስቴ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቃጠለ። አንድ ምሽት ጠበቅን፣ አልመጣም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደወለችልኝ። «የሁለት ወር መድኃኒቴ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጁ እንደ ቁም ሳጥን ሆኗል» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ፍርሃት አልነበረም፤ እኔን የፈራሁት ያ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችን ገብቶ እስከ ኅዳር 27 ድረስ የሆነውን እሷ እዚሁ ሆና አሳልፋዋለች። መድኃኒቱን እንዴት እንዳብቃቃችው አንድም ቀን ተርካልን አታውቅም።

ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ብልቃጦቹን በጨርቅ ጠቅልላ አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ውስጥ ከታልኛለች። ከሱቅ በረዶ ልግዛ ብላት ተቆጣችኝ፤ ልክ ነበረች። ኢንሱሊን አንዴ ከረጋ ይጣላል፣ በረዶ ሊነካው አይገባም። መናኸሪያ ስደርስ ባዶ የቀረው ጋቢና ብቻ ሆነ። የሚኒባስ ሞተር ደግሞ ያለው ከዚያ ወንበር ሥር ነው፤ እንደ ምድጃ ይሞቃል። እያመነታሁ ስቆም ረዳቱ፣ «ምን ይዘህ ነው ወንድሜ?» አለኝ። ነገርኩት። አንዱን ወጣት ከመጨረሻው ወንበር አስነሥቶ ጋቢና ላከና በመስኮቱ በኩል አስቀመጠኝ። «አብሽር፣ ነፋሱ እዚያ ነው» አለኝ። ሐረጎን ስንወጣ ነፋሱ እየቀዘቀዘ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ብርድን ተመኘሁ።

ደሴ ስንደርስ መብራት ነበር። መድኃኒቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገባን፣ ራት በላን፣ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄደ።

እናቴ መጀመሪያ ያደረገችው ፍሪጁ ላይ መቀነት ማሰር ነው። ቀልድ አይደለም። ያልተከፈተ ፍሪጅ ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የእህቴ ልጆች ግን በጨለማም ሆነ በብርሃን እርጎ ፍለጋ መክፈታቸው አይቀርም። «እስኪመጣ የነካው ሰው ከእኔ ጋር ነው» አለች። እርጎው ውስጥ ቀረ። ወተቱም።

ልጆቹን ለማስረሳት ላፕቶፔን አወጣሁ። ቀን ቢሮ ቻርጅ ስላደረግሁት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያስኬዳል። ፊልም ከዚያ የሚረዝም ከሆነ መጨረሻው አይታይም፤ በእኛ ቤት መጀመሪያቸው ብቻ የሚታወቅ ፊልሞች ብዙ ናቸው። ልጆቹ ካርቱን ቢሉም የእናቴ ምርጫ አሸነፈ፦ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው ማለት ነው። ርዝመቱ 140 ደቂቃ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 40 ደቂቃ ያጥረናል። አልተናገርኩም።

ልጆቹ ብርድ ልብስ ሥር ተኙ። ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ሰው ጣና ዳር መንደሩ ገብቶ ዘመኑ እንዴት እንደተቀበለው እያየን ሳለ ላፕቶፑ ድርግም አለ። ሻማ ለኮስን። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ታላቅ ወንድማችን የመንገድ መብራት ሥር ነበር የሚያጠና» አለች። ወንድም እንደነበራት አውቃለሁ፤ ፎቶው ሳሎን አለ። መብራት ሥር ማጥናቱን ግን አላውቅም ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወጥቶ ሳይመለስ መቅረቱን፣ አክስቴ ያኔ ልጅ ሆና ስንት ሌሊት በር ላይ እንደተቀመጠች፣ አያቴ ፋኖሱን እስከ ንጋት አታጠፋ እንደነበር፣ ያን ምሽት ሰማሁ። ስልኬ በእጄ ነበር። 9 በመቶ ቀርቶት ነበር፤ አላየሁትም።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን «ሕዳሴ ተመርቆ ለምን ይጠፋል?» ይሉናል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ግን ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል አክስቴ ፍሪጅ እስኪደርስ ረጅም መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመርና የእንጨት ምሰሶ ያልፋል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት መብራት በፈረቃ የሆነው የጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ ነበር። ያኔ ፕሮግራም ስለነበረው ቡናውንም ምጣዱንም በሰዓቱ እናደርስ ነበር። አሁን ሰፈር እየለየ የሚጠፋው ግን በአብዛኛው የሽቦና የትራንስፎርመር ጣጣ ነው። እኛም አለንበት። መብራት «መጣ!» ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን በአንዴ ይሰካል። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው ከ200 ስልክ በላይ ይሞላል። ያረጀ ትራንስፎርመር ይህን እንዴት ይቻለው?

የሚጠቅማችሁን ልንገራችሁ፦ መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉት፣ ሲመለስም ረጋ እስኪል ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፤ ሲመጣ የሚያቃጥለው ሲሄድ ከሚያቃጥለው ይበልጣል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ኬንያ ውስጥ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ያለውን ሙቀት መሠረት አድርገው ያጠኑት በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ለአራት ሳምንት አቅሙን ጠብቆ መቆየቱን አሳይቷል። ለአክስቴ ይህን ሳነብላት፣ «ታዲያ በ14ቱ ጊዜ ያዳነኝ ይኸው ይሆናል» አለች። ስለዚያ ጊዜ ከአፏ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ያን ሌሊት መብራቱ የመጣው ከአምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠፋ ማለት ነው። እናቴ መቀነቱን ፈትታ፣ ፔርሙዙን ሳይሆን ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በጉንጯ ነካቻቸው። «ቀዝቃዛ ናቸው» አለች። ከዚያ እርጎውን አወጣች፤ ልጆቹ ግን ተኝተዋል፣ ሁለታችን በላነው።

በአራተኛው ቀን የእነ አክስቴ ሰፈር ትራንስፎርመር ተቀየረ። መድኃኒቱን ይዤ ጠዋት ወረድኩ፣ ማታ ስመለስ ሐረጎ ላይ ዞር ብዬ አየሁ። ከቦርከና ማዶ ሰፈሯ በርቷል። ስልኬን አወጣሁና ደወልኩላት፤ «ከዚህ ይታየኛል» አልኳት።

«ጤዛ» አሁንም 40 ደቂቃ ይቀረዋል። ላፕቶፑ ሙሉ ሆኖ፣ መብራትም እያለ እንጨርሰው ብዬ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «ይቆየን» አለችኝ።