ካሴቱ ከማን ቤት መጣ?

በልጅነቴ ላሊበላ ውስጥ ካሴት ገዢው አንድ ሰው፣ አድማጩ ግን ሰፈር ሙሉ ነበር። ወልድያ ወይም ደሴ ይገዛል፤ በአይሱዙ ሹፌር ወይም በረዳቱ ኪስ ተይዞ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ያለውን ኮረኮንች እየተንገጫገጨ ይመጣል፤ ቅዳሜ ገበያ ሲደርስ ወሬው ከራሱ ከካሴቱ ቀድሞ ቤታችን ይገባል። «እነ እገሌ ቤት አዲስ ካሴት መጥቷል» ከተባለ ማታ የት እንደምንሰበሰብ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ይህን የማወራው ስለ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። አጎቴ አስተማሪ ነበር፤ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛት ሳንዮ ቴፕ ነበረችው። ቤታችን መብራት ስላልገባ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ውድ ነበር። ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹ ወጥተው ከድንጋይ ካቡ ላይ ተደርድረው ጸሐይ ይሞቃሉ፤ ወደ ማታ ሲመለሱ ለጥቂት ዘፈን የሚሆን ነፍስ ይዘራሉ። ወደ ኋላ ማጠንጠን ድንጋይ ይጨርሳል ተብሎ በቴፕ ማጠንጠን ተከልክሎ ስለነበር ሥራው የእኛ የልጆቹ ነበር። የቢክ እስክሪብቶ በካሴቱ ጥርስ መሀል እንሰካና አየር ላይ እናሽከረክረዋለን። እጅ ሲዝል ለሌላው ይሰጣል።

ስለዚህ ዘፈን መርጦ መዝለል የሚባል ነገር አናውቅም። ካሴት ከገባ አንዱ ጎን እስኪያልቅ ይደመጣል፤ ከዚያ ይገለበጣል። ሦስተኛው ዘፈን ባይጥምህም ትሰማዋለህ፤ በሳምንቱም ትሰማዋለህ፤ ወሩ ሲያልቅ ከሁሉ አብልጠህ የምታንጎራጉረው እሱኑ ሆኖ ታገኘዋለህ። ዛሬ አንድን አልበም ከጫፍ እስከ ጫፍ በትዕግሥት የመስማት ልማድ ካለኝ ያገኘሁት ከዚያ ቤት ነው።

መዋዋሱም ወግ ነበረው። ካሴት ያዋሰ ሰው ራሱ መጥቶ አብሮ ያዳምጣል፤ ቆሎ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል። የተዋሰውም ሲመልስ ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ፣ ከራሱ አንዱን ጨምሮ ነው። የማናውቀው ድምፅ ከቴፑ ሲወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ማነው የዘፈነው?» ብለን አልነበረም፤ «ከማን ቤት መጣ?» ብለን ነበር። እስከ ዛሬ እያንዳንዱ ዘፋኝ በልቤ የተቀመጠው ካመጣልን ሰው ጋር ነው።

ማሪቱ ለገሰን ያመጣችልን ጎረቤታችን ናት፤ ደሴ ከሚኖር ወንድሟ ተልኮላት። ማሪቱ ከወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን የወጣች፣ አምባሰልን ከስሟ ጋር ያጣበቀች ድምፃዊት ናት። እኔ ያን ቀን ይህን አላውቅም ነበር። የማስታውሰው አያቴን ነው። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ ማሪቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትለቀው እንዝርቷ ቆመ። ክሩን በጣቷ እንደያዘች አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማች። «ይቺን የወለደች እናት ትባረክ» አለች። ቀጥላም «በሉ ድገሙልኝ፣ ልጆቼ» ስትለን እስክሪብቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉትን ቅኝቶች በኋላ በስማቸው ተማርኩ። አምባሰል ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ቀድሜ በአያቴ ፊት ላይ አይቼዋለሁ።

አጎቴ ደግሞ የካሴት ሽፋን ማንበብ አስተማረን። ግጥም የማን ነው፣ ዜማ የማን ነው፣ ያጀበው ማን ነው? ከሽፋን ሽፋን እየተደጋገመ የምናገኘው አንድ ስም ነበር፦ ሮሃ ባንድ። ሮሃ የከተማችን የጥንት ስም ነውና በማህሙድ አህመድ ካሴት ላይ ታትሞ ስናየው ኩራታችን ወሰን አልነበረውም። ባንዱ አስቀድሞ አይቤክስ ይባል ነበር፤ ማህሙድ እ.ኤ.አ. በ1975 ለካይፋ ሪከርድስ ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ»ን ያጀበውም አይቤክስ ነው። ሮሃ ከሆነ በኋላ የዘመኑን ካሴቶች እጅግ ብዙውን አጀበ። አጎቴ ተጫዋቾቹን እንደ ዘመድ በስማቸው ይጠራቸው ነበር፤ ሰላም ስዩም ጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ፣ ዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን።

አንድ ማታ «አሁን ማህሙድን ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ» አለን። ጆሯችንን ወደ ቴፑ አስጠጋን። መጀመሪያ ምንም አልለየንም። ቆይቶ ከሥር የሚሄደው፣ ዘፈኑን ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚራመደው ድምፅ ተገለጠልን። ከዚያች ማታ ጀምሮ ለእኔ ዘፈን ብዙ ሰዎች አብረው የሚሠሩት ሥራ ሆነ። ዛሬም አዲስ አልበም ሳገኝ አንዱን ዙር ለድምፃዊው፣ ሌላውን ዙር ለተጫዋቾቹ እሰጣለሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቴፗ ነጠላ ተደርቦባት ትቀመጣለች። ዘፈን በጾም አይሰማም፤ ከተማው የቤተ ክርስቲያን ከተማ ነው። ሰፈር ውስጥ የሚፈቀደው በገና ነበር። የዓለሙ አጋን በገና የሰማሁትም በዚያ ወቅት፣ ካህን በሆነ ጎረቤታችን ቤት ነው። የአውታሩ ዝዝታ የድንጋዩን ጎጆ ሲሞላው እኛ ልጆቹ እንኳ መንጫጫት እናቆም ነበር።

ታኅሣሥ 29 ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድነት ይመጣል። ለገና ከየአገሩ የሚጎርፈው ምእመን በየቤቱ ያድራል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ሌሊቱን ቤተ ማርያም ማሕሌት ቆመን፣ ማለዳ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉን ሲያሸበሽቡ አይተን ከተመለስን በኋላ ቤቱ የእንግዶች ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ የአስናቀች ወርቁን ካሴት ያመጣችልን በገና በዓል ነበር። ክራሩን ራሷ እየደረደረች፣ ቃሉን እየቆነጠረች ስትዘፍን እንግዶቹ የጎጃሙም የትግራዩም በአንድነት ይስቁ ነበር። የቴአትር ሰው መሆኗን አክስቴ ስትነግረን አልገረመንም፤ በድምፅዋ ብቻ አጠገባችን የተቀመጠች ያህል ነበረችና።

ካሴት ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኪቦርድ ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኖረ። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ወዳጅ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። ታሪኩን ስሰማ የታየኝ ባለሱቁ ነው፤ ካሴቱን ሳይጥል ያቆየው የባሕር ዳር ሰው።

አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የላስታ ልጆች እሑድ ከሰዓት እየተሰበሰብን ሰሞኑን የምንወደውን አልበም እናስደምጣለን። በቅርቡ አንዷ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ይዛ መጣች። እማሆይ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ለዓመታት የኖሩ መነኩሴ ነበሩ፤ ጣታቸው ሲንከባለል የአምባሰል ገደል ከነጉሙ ይታየኛል። የታላቅ ወንድሜ ልጅ ደግሞ የሮፍናንን «ነጸብራቅ» አመጣ። ከማሲንቆው ሥር የኤሌክትሮኒክስ ምቱ ሲገባ፣ «ጋሼ፣ አሁን ምቱን ብቻ ተከተል» አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ፤ አልበሙም እስከ መጨረሻው ተደመጠ።

አንድ ነገር አደራ ልበል። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ሽፋን የሌላቸው፣ በእስክሪብቶ «የእገሌ ሠርግ» ተብሎ የተጻፈባቸው ካሴቶች አሉ። የላስታ ማሲንቆ መቺዎች፣ በየትኛውም ሙዚቃ ቤት ያልተቀረጹ ሴቶች፣ የእስክስታው ጭብጨባ ያለው እነሱ ላይ ብቻ ነው፤ ቅጂ የላቸውም። የካሴት ክር ደግሞ ያረጃል፣ ይጣበቃል። የሚሠራ ቴፕ ፈልጉ፣ ወደ ስልክ ቅዱት፣ ጎረቤት ጠርታችሁ አብራችሁ ስሙት፤ የዘፋኙን ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ስሙን ጻፉ። የሰጣችሁንም ሰው ስም ጨምሩበት።