ከዳስ ጥላ ውስጥ

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ድንበር የሚጓዝ መንገደኛ፥ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ያጣል። ምድሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሜዳ እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል። እንዲህ ያለውን አገር በፎቶግራፍ ለማንሣት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ሥዕሉ ከላይ ሰማይ፥ ከታች አፈር ብቻ ይሆንበታል።

ለዚህ ችግር የፎቶግራፍ ዐዋቂዎች የሚመክሩት ዘዴ የተፈጥሮ ክፈፍ ነው። ይኸውም በአካባቢው የሚገኘውን የዛፍ ቅርንጫፍ፥ የበር መቃን ወይም የድልድይ ቅስት ከፊት አድርጎ፥ ዋናውን ነገር በመካከሉ ማሳየት ነው። ክፈፉ የተመልካቹን ዓይን ይመራል፤ ቅርቡንም ከሩቁ ይለያል።

በጥር 2013 ዓ.ም. ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሠፈር በሄድን ጊዜ ይህን ምክር በልባችን ይዘን ነበር። ከድንበሩ 70 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ይህ ሠፈር፥ በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ ነበር፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ። ራኩባ በሱዳን ዐረብኛ በእንጨት ቋሚዎች ላይ በሣር የተከደነ ዳስ ማለት ነው።

በዘመዶቻችን ጎረቤት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በዳሳቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘን። ፈቃዳቸውን ጠይቀን፥ በውጭ ቆመን፥ ሁለቱን ቋሚዎች ክፈፍ አድርገን አነሣናቸው። ሥዕሉ እንደ መጽሐፉ ምክር ያማረ መሰለን። እርሳቸው ግን ባሳየናቸው ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፥

«ልጄ፥ እስረኛ አስመሰልኸኝ» አሉን። «ደግሞም ልጄ እዚያው ቀርቷል፤ ፊቴን ማን እንደሚያየው አላውቅም። አጥፋው።»

ወዲያው አጠፋነው፤ ይቅርታም ጠየቅን። እርሳቸውም አዘኑልንና፥ «ማንሣት ከፈለግህስ ማልደህ ና፤ እኔ የማየውን አንሣ» አሉን።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ዳሱ ገብተን ከኋላቸው ተቀመጥን። ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ነበር። የሣሩ ክዳን ከላይ፥ ቋሚዎቹ ከግራና ከቀኝ ክፈፍ ሆኑ፤ በመካከሉ የታጨደው ሜዳና የሚቀላው ሰማይ ይታያል። ብርሃኑን በሰማዩ ላይ ለካን፤ ቅርቡም ሩቁም እንዲጠራ የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብን። ብርሃን በሰማዩ ልክ ሲለካ፥ በጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠቁራል። ስለዚህ ዳሱም እናቲቱም ጥላ ብቻ ሆኑ። ነጠላቸውና የትከሻቸው ጉብጠት ይለያል፤ ፊታቸው ግን አይታይም።

ሥዕሉን አይተው፥ «ፀሐይ የምትወጣው ከአገሬ ነው» አሉን። በዚህኛውም ተስማሙ።

ይህን ጥበብ ለሚማር ሰው የምንመክረው አንድ ነገር አለ። ክፈፍ ድንበር ነው፤ ሰውን በውስጡ ከማስገባትህ በፊት አንተ ራስህ በየትኛው ወገን እንደ ቆምህ ተመልከት። ከተቻለ ገብተህ አጠገቡ ተቀመጥ።

ያ ፎቶግራፍ በቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሁሉ፥ «እኒህ እናት ማን ናቸው?» ይለናል። ማን እንደ ሆኑ አንናገርም፤ የሚመለከቱትን ግን እናሳያለን።