በአመጸኛ ዋሻ ያየሁት

አንባቢ ሆይ፤ ባለፈው ዓመት የአርበኞችን ታሪክ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጅዋን አንሥታ «መምህር፤ ሴቶቹና ልጆቹስ ያን ጊዜ የት ነበሩ?» ስትል ጠየቀችኝ። የጦር አዛዦችን ስም በቃሌ ይዣለሁ፤ ለዚህ ግን መልስ አጣሁ። ነገሩ ዕንቅልፍ ስለ ነሣኝ፣ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ ወደ ሰሜን ሸዋ ተጕዤ፣ በዘረት የሚገኘውን አመጸኛ ዋሻ ለማየት ሄድሁ።

የአገሩ ሽማግሌ መንገድ እየመሩኝ ገደሉን ወረድን። በዋሻው አፍ ስንደርስ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ባትሪዬን አብርቼ የጥይት ቀለህ ስፈልግ፣ ብርሃኑ አስቀድሞ ያረፈው በጎታ ስባሪ ላይ ነው። ቀጥሎ የእንስራ ገል፣ ከዚያም የሰው አጥንት አየሁ። የጦር ሰፈር ይሆናል ብዬ የመጣሁበት ቦታ ለካ ቤት ኖሯል!

በዚህ ዋሻ የተጠለሉት የራስ አበበ አረጋይ ጭፍሮች ከነቤተ ሰባቸው ነበሩ። በ1931 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከበባቸው። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የጄኔቭ ውል በ1917 ዓ.ም. ፈርማ ነበር። ሆኖም ወታደሮቿ የአውሮፕላን ቦምብ መርዝ በትናንሽ በርሜል ገልብጠው፣ ከገደሉ አናት በገመድ አውርደው በዋሻው አፍ አፈነዱት። ይህ የሆነው ከሚያዝያ 1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሚያዝያ 1 ደግሞ የፋሲካ ዕለት ነበር። ጥቂቶች በሌሊት ሰብረው አመለጡ፤ እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። የጦሩ ጽሑፍ በኢጣልያ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ቈይቶ፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ኢጣልያዊ የታሪክ ሰው በ1998 ዓ.ም. ቦታው ድረስ መጥቶ ነገሩን ለዓለም አስታወቀ።

ለክፍሌ ማሳያ ይሆነኛል ብዬ አንዲት ገል አንሥቼ ወደ ኪሴ ስከት ሽማግሌው አዩኝ።

«ልጄ፤ መልሳት። የሰው ቤት ዕቃ ናት» አሉኝ።

ፊቴ በኀፍረት ጋለ። ገሏን ከነበረችበት አኖርሁ።

ትምህርት ሲከፈት ተማሪዬን «እዚያው ነበሩ። ጎታውን የሞሉት፣ ውሃውን የቀዱት እነሱ ናቸው» አልኋት። አንባቢ ሆይ፤ አንተም በሚመጣው በዓል ወደ አገርህ ስትሄድ አያትህን «እናትዎ በጠላት ጊዜ እህሉን የት ደበቁት?» ብለህ ጠይቃቸው፤ የሚሉህንም ጻፈው።