ገናን በላሊበላ፦ ካሜራዎን ቆልፈው ይግቡ

ለገና ቤተሰብዎን ይዘው ላሊበላ ከሄዱ፣ ጠዋት በቤተ ማርያም የሚቀርበው ቤዛ ኩሉ እንዳያመልጥዎ። ነጭ የለበሱ ካህናት ግማሾቹ ከዓለቱ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ይዘምራሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የተበላሸውን ፎቶ ደግመው አያነሱትም።

አስቸጋሪው ግፊያው ነው። አንገትዎ ላይ ያንጠለጠሉት ካሜራ ከሰው ትከሻና ከነጠላዎ ጋር ሲተሻሽ የሞድ ማዞሪያው ሳያውቁት ይዞራል። የብርሃን መጨመሪያው ከተነካ ደግሞ የካህናቱ ልብስ ነጭ ጉም ይመስላል።

ማዞሪያው መሃሉ ላይ ቁልፍ ካለው፣ ሳይጫኑት አይዞርም፤ ከሌለው ትንሽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ብዙ ካሜራዎች ሌሎቹን ቁልፎች የሚዘጋ መቆለፊያም አላቸው፤ ሜኑው ውስጥ ይፈልጉት። የሚስማማዎትን ሴቲንግ እንደ ካሜራዎ ዓይነት ሲ1 ወይም ዩ1 ላይ ያስቀምጡ፤ ቢዛባ ቶሎ ይመለስልዎታል። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ የሚፈልጉትን ቦታ ስክሪኑ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ በብዙ ስልኮች ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል።

መቆለፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ለጨለማው ከፍ ያደረጉትን አይኤስኦ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ዝቅ ያድርጉት።

ቤተ ጊዮርጊስ ሲደርሱ መጀመሪያ አንድ ፎቶ አንስተው ስክሪኑን ይዩ። ጉድጓዱ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት አለውና ልጆችዎን ከአፋፉ ራቅ አድርገው ያቁሙ፤ ከዚያ ያንሱ።