ከአምስት መቶ ብር በላይ

አያቴ ነገረ ፈጅ ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ከዘራቸውን ጨብጠው «በላ ልበልሃ!» ያሉ ዕለት ከጋይንት ገበያ ይልቅ ችሎቱ ይደምቅ ነበር ይባላል። እኔ በዕድሜ አልደረስኩባቸውም፤ የደረስኩት ወሬያቸው ላይ ነው። በእኛ ቤት እንግዲህ ጠበቃ ማለት አንደበተ ርቱዕ ማለት ነው። ታናሽ ወንድሜ ሕግ ሊማር የገባ ጊዜም ዘመድ አዝማዱ የአያቱን ምላስ አወረሰው። ችግሩ ልጁ ዝምተኛ ነው። ቡና ሲጠጣ እንኳ ድምፅ የለውም።

አምስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ «የምወደው የንግድ ሕግ ነው» አለን። አባቴ ነፋስ መውጫ ላይ ሠላሳ ዓመት እህል የነገዱ ሰው ናቸው። «ለንግድ ደግሞ ምን ሕግ ያስፈልገዋል? ሚዛን አለ፤ እግዜር አለ» አሉ።

ያን ጊዜ የሚሠራበት የንግድ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጋር በአንድ ቀን የወጣው ነበር። የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቀው ረኔ ዳቪድ ነው። የንግዱን ዣን ኤስካራ ጀመረው፤ እሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። ሦስቱም ፈረንሳውያን ናቸው። «ታዲያ ፈረንሳይ ስለ ስማዳ ጤፍ ምን ያውቃል?» ብዬ ልተርበው ሞከርኩ። ወንድሜ አልሳቀም። «አባባ የራሳቸውን ማሳ ገብስ ሲሸጡ በሕጉ ነጋዴ አይደሉም፤ የጎረቤታቸውን ገዝተው ሲሸጡ ግን ነጋዴ ናቸው። ፈረንሳዮቹ ይህን ያህል ያውቃሉ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር አንድ አንጋፋ ጠበቃ ዘንድ ረዳት ሆኖ ገባ። ችሎት ቆሞ ሲከራከር እናያለን ብለን ስንጠብቅ፣ ልጁ ለካ ደረሰኝ በቀን በቀኑ ይደረድራል፤ ሰነድ ላይ ቁጥር ይጽፋል፤ ከሂሳብ ሠራተኛ ጎን ተቀምጦ መደመርና መቀነስ ይማራል። «ሁለት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ሁለት ነገር ነው» ይለኝ ነበር። «ባለጉዳዩን ስለ ሕጉ አትጠይቀው፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ጠይቀው። ከዚያ ዝም በል።» ዝም ማለት ሙያ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

በ2011 ዓ.ም. ነገሩ ቤታችን ድረስ መጣ። አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ወዳጃቸው አርባ አምስት ሺህ ብር ሰጥተዋል። ሰውዬው ወደ ስማዳ እየወረዱ ጤፍ የሚያመጡ ነጋዴ፣ የአባቴ የጽዋ ማኅበርተኛ ናቸው። በዚያ ላይ ወንድሜን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ጤፉ በመንገድ ዝናብ መታው፤ ዋጋው ወደቀ። አሁን «የወሰድኩት ሠላሳ ሺህ ነው» ይላሉ። ወረቀት የለም።

ወንድሜ ለፋሲካ መጥቶ ስለነበር ማታውን አባቴን ይጠይቃቸው ጀመር። ብሩ በማን እጅ ተቆጠረ? ማን ነበረ? «በምን ቀን ትመልሳለህ» ተባለ ወይ? አባቴ ተቆጡ። «እኔን ነው እንደ ሌባ የምትመረምረኝ?» ልጁ ዝም አለ፤ ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ በሌላ በኩል መለሰው።

ሲጨርስ ጉዳዩ ሦስት በር እንዳለው ነገረን። አባባ ጤፍ በዱቤ ሸጠው ቢሆን ሽያጩ ወረቀት ባይኖረውም በምስክር ይረዳል። ብድር ከሆነ ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 አለ፦ ከአምስት መቶ ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረዳው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ሦስተኛው በር «የእሽሙር ማኅበር» ይባላል። ሁለት ሰዎች ትርፍና ኪሳራ ሊካፈሉ ተስማምተው፣ ለውጭ ሰው ሳይታወቅ በአንዱ ስም የሚነግዱበት ነው። ሌሎቹ ማኅበሮች በጽሑፍ ካልሆኑ አይጸኑም፤ ይህኛው ግን ጽሑፍ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናገር። አባቴን በክርኔ ነካ አድርጌ «እሽሙር ነበር በላቸው!» አልኩ። ምስክር ሞልቶናላ!

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። «አንደኛ፣ እሽሙር ከሆነ ኪሳራውም የጋራ ነው። ሁለተኛ፣ ጠበቃ ነገር ያዋልዳል እንጂ አይፀንስም» አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ ትርፍ ልንካፈል ተባብላችሁ ነበር?»

አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝምታው ቤታችን ውስጥ ተላላፊ ሆኖ ነበር። «የለም። ቸግሮት ነው የሰጠሁት። ብድር ነው» አሉ በመጨረሻ። «መሐላ ግን የለም። ልጄን ክርስትና ያነሣ ሰው ስለ ብር መስቀል አላስመታም።»

በሕጉ ቋንቋ ሦስቱም በር ተዘጋ ማለት ነው። ለፍርድ ቤት የሚሆን ነገር ስላልነበረ ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ የአያቴ የልጅ ልጅ ከዘራ የሚያነሣበት ቀን ይህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወንድሜ ግን ከጥግ ተቀምጦ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ፣ የክርስትና አባቱን አራት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት ስንት ኩንታል ነበር የጫኑት?»

«ሠላሳ።»

«በስንት ገዙት?»

«በአሥራ ዘጠኝ መቶ።»

«ሃምሳ ሰባት ሺህ ማለት ነው። ከራስዎ ኪስ ስንት ነበር?»

«አሥራ ሁለት ሺህ።»

«ከአባባ ሌላ ያበደረዎት ሰው ነበር?»

ሰውዬው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። ማንም አልተናገረም። «ለካስ አርባ አምስት ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። መዋሸታቸው ነበር ወይስ ኪሳራው አሳስቷቸው? እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወንድሜም ጠይቋቸው አያውቅም።

በዚህ ጊዜ ወረቀት አወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እኛ ፊት የተባለ አይበቃም?» ብለው ቅር አላቸው። «ይበቃል አባቴ፤ እርስዎም እንዲቆጠሩበት ነው» አላቸው። የጽሑፍ ውል ሁለት ምስክር ይፈልጋልና ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈረሙበት። አሥራ አምስት ሺህ፣ አሥራ አምስት ሺህ፣ በሦስት ጊዜ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243 ወጣ፤ እሽሙርም በውስጡ አለ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ተፈቀደ። ወንድሜ ዛሬ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ነው፤ የሚውለው ከአክሲዮንና ከባንክ ወረቀት ጋር ነው። ያቺ አምስት መቶ ብር ግን ከ1952 ጀምሮ ሕጉ ላይ እንደተቀመጠች አለች። ያኔ የከበርቴ ገንዘብ ነበረች፤ ዛሬ የሚገዛባት ጤፍ በፌስታል ይንጠለጠላል። ስለዚህ ዛሬ በሰፈራችን ያለ ወረቀት የሚሰጥ ብድር ሁሉ፣ ከሞላ ጎደል፣ የቆመው በተበዳሪው ህሊና ላይ ብቻ ነው።

የመጨረሻው አሥራ አምስት ሺህ የተከፈለ ዕለት አባቴ ደስ ብሏቸው ወረቀቱን ሊቀዱት አነሡ። ወንድሜ እጃቸውን ያዘ። «አይቀደድም አባባ። ‹ተከፍሏል› ተብሎ ይጻፍበትና ለጋሼ ይሰጥ። ነገ እርስዎ ቢረሱስ?»

አባቴ ልጁን ገርመም አድርገው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን ፈልገው ጻፉ።