ዝናብ ያለበት ዜሮ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ዜሮ ነው። «ስለ ባዶ ነገር ደግሞ ምን ይወራል?» እንዳትሉን፤ እስቲ ጥቂት ታገሡን። እኛ የተማርነው ዜሮ አንድ ነው፤ ባዶ፣ ምንም፣ አልቦ። ጃፓኖች ግን ይህንኑ አንድ ቁጥር በሦስት ስም ይጠሩታል፤ ሦስቱም እንደየቦታቸው ነው የሚገቡት።

አንደኛው ራሱ «ዜሮ» ነው። እንደኛው ከውጭ የተዋሱት ስለሆነ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው «ሬይ» ይባላል። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬይ ከቻይና በመጣው በካንጂ ሲጻፍ የፊደሉ የላይኛው ክፍል «ዝናብ» የሚለው ምልክት ነው፤ የታችኛው ድምፁን ያመለክታል። የጥንት ትርጉሙም ካፊያ፣ ጠብ ጠብ የሚል ነጠብጣብ ነበር። ከዚያ «ጥቂት»፣ «ትራፊ» ወደሚለው ዞረ፤ ኋላም የዜሮን ቦታ ያዘ። ዛሬም በዚሁ ፊደል «ኮቦሬሩ» ብለው ሲጽፉ መፍሰስ፣ መንጠባጠብ ማለታቸው ነው። ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ያሏቸውን ጥቃቅን ድርጅቶችም «ሬይሳይ» ይሏቸዋል። ድርጅቱ እኮ አለ፤ ትንሽ ሆነ እንጂ!

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። «ዜሮ» ሲባል ጭራሽ የለም ነው። «ሬይ» ሲባል ግን ኢምንት ነገር ሊኖር ይችላል። መቼም በየዕለቱ ንግግር ሰው ሁሉ ይህን እያሰላሰለ ያወራል ማለታችን አይደለም፤ እኩለ ሌሊትን «ሬይጂ» የሚል ጃፓናዊ ስለ ካፊያ አያስብም። የአየር ጠባይ ትንበያ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ የምር ነው። የጃፓን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የዝናብን ዕድል የሚገልጸው በአሥር በአሥር እየከፈለ ነው፤ 0፣ 10፣ 20 እያለ እስከ 100 በመቶ ይዘልቃል። ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ወደ 0 ይጠጋጋል። ስለዚህ 0 በመቶ ማለት «ፈጽሞ አይዘንብም» የሚል ቃል ኪዳን አይደለም። ይህ 0 ታዲያ የሚነበበው «ሬይ» ተብሎ ነው እንጂ «ዜሮ» ተብሎ አይደለም። ድንገት ቢያካፋ እንኳ ቃሉ አልዋሸም፤ ድሮውንም ዝናብ አለበት።

ሁለቱ የሚቀላቀሉበት ጊዜም አለ። የታወቀው የጦር አውሮፕላን «ሬይሴን»ም «ዜሮሴን»ም ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940 አገልግሎት ላይ ስለዋለ ነው፤ ዓመቱ በጃፓን የንጉሠ ነገሥት ዘመን አቆጣጠር 2600 ስለነበር ከመጨረሻው 0 ተወሰደ።

በነገራችን ላይ በነባሩ የካንጂ አጻጻፍ ቁጥር ለመጻፍ ዜሮ አያስፈልግም። ለ10፣ ለ100፣ ለ10,000 ለየራሳቸው ምልክት አላቸው። እኛስ ብንሆን ፲፣ ፻፣ ፼ ስንል ዜሮ የት አለ?

ሦስተኛው ስም «ማሩ» ነው፤ ክብ ማለት ነው። የክፍል ቁጥርና የመሳሰለውን ሲያነቡ 0ን በመልኩ ይጠሩታል። በቶክዮ ከተማ ሺቡያ በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው 109 የሚባል የገበያ ሕንፃ «ኢቺ ማሩ ክዩ» ነው የሚባለው። ለኛ ለእጩ መምህራን ግን ዋናው ቁም ነገር ሌላ ነው። የጃፓን መምህር ወረቀት ሲያርም ለትክክለኛ መልስ የሚያደርገው ምልክት ይኸው ክብ ነው! ለተሳሳተው ኤክስ ያደርጋል። እኛ «ራይት» የምንለው ደግሞ እዚያ ብዙውን ጊዜ የስሕተት ምልክት ነው። አንድ ጃፓናዊ ልጅ የኛን የታረመ ደብተር ቢያገላብጥ ጎበዙን ሰነፍ ሊለው ነው። በጣም ጥሩ ለሠራ ትንሽ ልጅ መምህሩ በቀይ ቀለም ክቡን ደጋግሞ ያዞርና ዙሪያውን የአበባ ቅጠል ይሥልበታል። «ሃናማሩ» ይሉታል፤ የአበባ ክብ።

ይህን ሁሉ ስናወጋ ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ ያየነው አንድ ልጅ ትዝ አለን። የሒሳብ ፈተና ውጤት ጮክ ተብሎ እየተነበበ «ከአሥር ዜሮ!» ሲባል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ልጁም አንገቱን ደፋ። ኋላ ወረቀቱን ተቀብለን ስናየው አንዱ የክፍልፋይ ጥያቄ ላይ የጋራ ታህቱን በትክክል አግኝቷል። የሳተው ላዕሎቹን ሲደምር ነው። ታዲያ ይህ ልጅ «ዜሮ» ነው ወይስ «ሬይ»?

ጃፓኖች ፈተና ላይ የሚሰጠውን ዜሮ «ሬይተን» ይሉታል። እርግጥ ሬይተን ያመጣ ጃፓናዊ ልጅም አንገቱን መድፋቱ አይቀርም፤ ስሙ ስላማረ ማርኩ አይጨምርለትም። እኛን ያከራከረን ግን ወረቀቱ ላይ ያለችው ያቺ ጠብታ ናት። ግማሾቻችን «መልሱ ከተሳሳተ ተሳሳተ ነው፤ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ለሙከራው ማርክ አይሰጠውም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ልጁ እኮ ገና የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ምን ድልድይ አመጣው? የጋራ ታህት ማግኘት ራሱ ትምህርት አይደለም ወይ?» ብለን ሞገትን። መብራት እስኪጠፋ ተከራክረን ሳንስማማ ተኛን።

በሚቀጥለው ዙር ልምምድ ቀዩ እስክሪብቶ በኛ እጅ ይገባል። ለየእርምጃው ማርክ ይሰጥ ወይስ ለመጨረሻው መልስ ብቻ? የሒሳብ መምህራኖቻችንና እናንተም ባልደረቦቻችን የምትሉት ካለ ጽፋችሁ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። በቀኝ በኩል ቦታ ትተናል።